ክዳን የሚያነበው ባባ ሞሪ

እናቴ ሞታ ሰባት ወር ደበቁኝ። የደበቀኝ ጠላት አይደለም። አንድ ክፍል የምንተኛው የአጎቴ ልጅ ሰይድ ነው፤ አብራኝ የምትሠራው ትርሲት ናት፤ አገር ቤት ያለው ዘመድ በሙሉ ነው። የመሞቷ ወሬ ተጽፎ የመጣው በገዛ ስልኬ ነበር። እኔ ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ሰባት ወር ሙሉ መርዶዬን ኪሴ ውስጥ ይዤ ሥራ ስገባ ስወጣ ከረምኩ።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ያልዋሸኝ አንድ ሰው ነው፤ እሱም ጃፓናዊ ነው። ባባ ሞሪ እንለዋለን። ባለፈው ሳምንት ትርሲት «ባባ ሞሪ አገሩ ገብቶ አረፈ» ብላ ጻፈችልኝ። የአሁኑን እንኳ አልደበቀችም። ማንም አላነበበልኝም፤ ራሴ አነበብኩት። ክፉ ወሬን በራስ ዓይን ማንበብ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው፣ ይሄ ደግሞ ምኑ ይጻፋል ይል ይሆናል። ይበል።

ሥራችን ዱባይ ውስጥ፣ አንድ ሆቴል ላይኛው ፎቅ ያለ የጃፓን መታጠቢያ ቤት ነበር። ሰው መጀመሪያ ሳውና ይገባል። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ይነከራል። ከዚያ ትልቅ የእንጨት ገንዳ ውስጥ፣ ፍል ውሃ ውስጥ እስከ አንገቱ ይቀመጣል። ሲወጣ ስስ ካባ ለብሶ፣ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብሎ ይበላል፣ ይጠጣል። እኔ በወንዶች በኩል ፎጣ አቀብላለሁ፣ ወለል እጠርጋለሁ፤ ትርሲት በሴቶች በኩል። ምግቡን የሚሠራው ባባ ሞሪ ነው።

መጀመሪያ ሳየው ናቅሁት። አጭር ሽማግሌ ነው፣ ጆሮው ከፊቱ ይበልጣል። ሲራመድ ድምፅ የለውም። ዞር ስትል ከኋላህ ቆሞ ታገኘዋለህ፤ መቼ እንደመጣ አታውቅም። ማሰሮ ሲያነሳ ማሰሮው አይንኳኳም፣ ውሃ ሲቀዳ ውሃው አይጮኽም። ትርሲት «ይሄ ሰውዬ ጥላውን አገሩ ጥሎት ነው የመጣ» ትለኝ ነበር።

እኔ የወሎ ሰው ነኝ። እኛም አገር ፍል ውሃ አለ። ሰው ቁርጥማቱን ሊያስለቅቅ ይሄዳል፣ ሲወጣ ገንፎውን በቅቤ ይበላል፣ ይተኛል። ስለዚህ ይሄ የሀብታም መቀቀል አላስደነቀኝም። ያስደነቀኝ ባባ ሞሪ ራሱ ነው።

ሰኞ ሰኞ ጠዋት ቤቱ ለእንግዳ ዝግ ነው፤ ገንዳው ተደፍቶ ይታጠባል። ከመደፋቱ በፊት ሠራተኛ እንዲታጠብበት ማናጀሯን ለምኖ ያስፈቀደው እሱ ነው። ሌሎቹ ሠራተኞች መተኛት ይሻለናል ብለው ቀሩ። እኔና እሱ ብቻ ቀረን። እኔ ምግቡን ፈልጌ ነው እንጂ ውሃውን ፈልጌ አልነበረም፤ እሱ ግን ሳልታጠብ አያበላኝም።

«ያላላበው ሰው የሚበላው የትናንቱን ነው» ይለኛል በኩሽና አረብኛው። «ትናንትን ከሰውነትህ አውጣ፤ ከዚያ ና።»

ሳውናው ውስጥ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። ከዚያ ቀዝቃዛው፣ ከዚያ ፍሉ። ስንወጣ እግራችን የኛ አይመስልም። በመስኮቱ በኩል አግዳሚ ወንበር አለ፤ እዚያ እንቀመጣለን። መጀመሪያ የሚሰጠኝ በተቆላ ገብስ የተፈላ፣ በረዶ የገባበት ውሃ ነው። የተቆላ ገብስ ሽታ የማውቀው ከበሶ ነው፤ ያ ሽታ ቀዝቅዞ በጉሮሮ ሲወርድ ዓይን ያስጨፍናል። እሱ እስኪወርድ ድረስ መናገር አይፈቀድም። አንድ ቀን ቀድሜ «አልሐምዱሊላህ» ብል ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ፤ ለፈጣሪም ቢሆን ጠብቅ ማለቱ ነው። ቀጥሎ በጨው የታሸ ዱባ መሰል ኪያር። ቀጥሎ ፍል ውሃ ውስጥ ተነክሮ የበሰለ፣ አስኳሉ ያልጠነከረ እንቁላል። ቀጥሎ ቀዝቃዛ፣ ቀጭን፣ ጥቁር ፓስታ የመሰለ፤ እሱን በድምፅ መማግ ነውር አይደለም፣ እንዲያውም ዝም ብሎ መብላት ነው ነውሩ። እናቴ ብታየኝ ገበታውን ታነሳብኝ ነበር። መጨረሻ ላይ ትኩስ ሩዝና ሾርባ። እሱ የሩዝ አረቄያቸውን በትንሽ ስኒ አሙቆ ይጠጣል። እኔ አልጠጣም፤ እሱም ጠጣ ብሎኝ አያውቅም።

እውነቱን ልናገር፣ በዚህ አገር በኖርኩበት ዘመን ሰው ሆኜ የበላሁት እዚያ ወንበር ላይ ነው።

ታዲያ ገበታው ላይ ሁልጊዜ ሦስተኛ ቦታ አለ። ጥቁር የእንጨት ሳህን፣ ሩዝ ተሞልቶ፣ ክዳን ተከድኖ፣ ጎኑ አንድ ስኒ አረቄ። የሚበላው ሰው የለም። ሁለት ሰኞ ዝም አልኩ፤ በሦስተኛው ጠየቅሁት።

«ባባ፣ ይሄ የማን ነው?»

«የልጄ።»

«የት ነው ልጅህ?»

«መንገድ ላይ።»

«መቼ ይመጣል?»

«አልነገረኝም» አለና ሾርባውን ጠጣ።

ልጁ ከብዙ ዓመት በፊት ዱባይ ለሥራ መጥቶ ነበር። አንድ ጠዋት ጫማውን አድርጎ ከክፍሉ ወጣ፣ ክሪክ በሚሉት የባሕር ወሽመጥ ዳር፣ ጀልባ የሚጫንበት አካባቢ ታየ፣ ከዚያ ወዲያ የለም። ሬሳም የለም፣ ወረቀትም የለም። ባባ ሞሪ ሊፈልገው መጣ፤ ሳያገኘው ኩሽና ገብቶ ቀረ። አገራቸው ልማድ አለ። ከቤት ለራቀ ሰው ድርሻው ይቀርብለታል፣ ተከድኖ ይቆያል። ሌላው በልቶ ሲጨርስ ክዳኑ ይገለጣል። ክዳኑ ከውስጥ ካላበው፣ የራቀው ሰው በሕይወት አለ።

«ባባ» አልኩት፣ «ትኩስ ነገር ሲከደን ያልበዋል። ድስትም ያልበዋል። ድስት ሁሉ ልጅ አለው?»

አልተቆጣም። «ልክ ነህ፣ ሁልጊዜ ያልበዋል» አለኝ። «የሚያስፈራው ያላላበው ቀን ነው።»

ክዳኑን ሲገልጠው ወደ ብርሃን አዙሮ ያየዋል። እኔ ፊደል አላውቅም፤ እሱ ክዳን ያነባል። ጠብታው መሐል ላይ ከተሰበሰበ «ዛሬ ቀርቧል» ይላል። ጠርዝ ለጠርዝ ከተበተነ «ደክሞታል፣ ቁጭ ብሏል» ይላል። ከዚያ የልጁን ሩዝ ለሁለት ከፍለን እንበላዋለን። የሌላ ሰው ምግብ መሆኑ ጉሮሮዬ ላይ ይታወቀኝ ነበር።

አንድ አርብ ክሪክ ይዞኝ ሄደ። በአብራ፣ በዚያች ትንሽ ጀልባ፣ ተሻገርን። ተመለስን። እንደገና ተሻገርን። ስድስት ጊዜ ያህል ወዲያና ወዲህ አመላለሰኝ። ባባ ሞሪ ሰው ሲገባ ሲወጣ ፊት ቀና ብሎ አያይም፤ ትከሻና ጀርባ ነው የሚያየው።

«ፊቱን ሳታይ እንዴት ታገኘዋለህ?» አልኩት።

«ፊቱን ረስቼዋለሁ» አለኝ። «የምፈልገው አቀማመጡን ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አብራ ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ የተቀመጠ ሰው ሳይ ደስ አይለኝም።

አንድ ሰኞ «ለእናትህ ለምን አታቀርብም?» አለኝ።

«እሷ የትም አልሄደችም። የሄድኩት እኔ ነኝ።»

«ለእሷ ሩቁ አንተ ነህ፤ ላንተ ሩቋ እሷ ናት።»

ሌላ ጥቁር ሳህን አወጣ። ሩዙን ራሴ ጨለፍኩ፣ ራሴ ከደንኩት። ስንገልጠው ክዳኑ አልቦታል። ባባ ሞሪ ወደ መስኮቱ አዙሮ አየውና «እግሯን አሟታል፤ ግራውን» አለ። ሳቅሁበት። የዚያን ዕለት አጅማን፣ አል ራሺዲያ ካለው ክፍላችን ስገባ ሰይድ አገር ቤት ደውሎ ጨርሶ ነበር።

«እትዬ ዘሀራ ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ አብጧል» አለኝ ስለ እናቴ።

«የቱ?»

«የግራው አሉ። ማን ነገረህ?»

 ሳቄን ዋጥኩት።

በዚህ ዓይነት ወራት ሄደ። ኅዳር ላይ፣ አንድ ሰኞ፣ እንደ ልማዳችን ታጥበን ተቀመጥን። አንድ ድስት ሩዝ ነው፣ አንድ እጅ ነው የጨለፈው፣ እኩል ነው የከደንነው። የልጁን ገለጠ፤ ጠብታው ሩዙ ላይ ተንጠባጠበ። የእናቴን ገለጥኩ። እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ። ክዳኑ ደረቅ ነው፤ ፀሐይ ላይ እንደዋለ እንጨት።

ጥፋቱ የክዳኑ ይሆናል ብዬ የልጁን ክዳን አምጥቼ የእናቴ ሳህን ላይ ከደንኩት፤ የእናቴን ክዳን የልጁ ላይ። ጠበቅሁ። ገለጥኳቸው። የልጁ ላይ የከደንኩት ያው ደረቅ ክዳን አልቦታል። የእናቴ ላይ የከደንኩት እርጥብ የነበረው ደርቋል። ሩዙ ከሥር ይጨሳል።

ባባ ሞሪ ሞታለች አላለኝም። ደህና ናትም አላለኝም። «ከእናትህ መልእክት ሲመጣ ማን ነው የሚነግርህ?» አለኝ።

«ሰይድ። ያነብልኛል።»

«መጥቷል?»

«ትናንት መጥቷል። ሰላም ናቸው ብሎኛል።»

ወንበሩ ላይ ያለውን ስልኬን አየው።  «አንተ ራስህ አንብበው» አለ።

«አልችልም።»

«ተማር።»

ከዚያ ወዲያ ለእናቴ ሳህን አላወጣም። እኔም አውጣ አላልኩትም።

በዚያው ቀን ስልኩን ለትርሲት ሰጠኋት። አነበበች። ፊቷ ምንም ሳይሆን ስልኩን መለሰችልኝ። «ሰላምታ ነው ይመርዬ። አዝመራው ደህና ነው ነው የሚሉት» አለችኝ። ከዚያ ፎጣ አመጣለሁ ብላ ወጣች፤ ፎጣው እዚያው ፊቷ ተደራርቦ ነበር።

ሰይድን ድምጿን አምጣልኝ አልኩት። «ጆሮዋ ደክሟል ወንድሜ፤ ኔትወርኩም ሙሽኪላ ነው፣ አይሠራም» አለኝ። ጨቀጨቅሁት። ጥር ላይ ድምፅ መጣ። እውነትም የእናቴ ድምፅ ነው። «ይመርዬ፣ እኛ ደህና ነን፤ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ብሎናል እንጂ» ትላለች። ከኋላዋ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይሰማል።

«ሰይድ» አልኩት፣ «በጥር ነው እንዲህ የሚዘንበው?»

«ዘንድሮ ዓለም ተበላሽቷል» አለኝ ፊቱን ሳያዞር።

የክረምቱን ድምፅ ነው መልሰው የላኩልኝ። የሞተች ሴት ስለ ዝናብ ታወራኛለች፣ እኔ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ «አይዞሽ ያባራል» ብዬ መልስ እቀዳላታለሁ።

የፊደል ገበታ ከሐበሻ ሱቅ ገዛሁ። ትርሲት በምሳ ሰዓት ታስተምረኝ ጀመር። እምቢ ማለት አልቻለችም፤ ማስተማርም አልቻለችም። ከ«ሀ» እስከ «ሐ» ሦስት ሳምንት አስቀመጠችኝ። «ገና ነው፣ አልጠነከረም» ትለኛለች። «ምን ያስቸኩልሃል?» ትለኛለች። ያኔ አስተማሪነት አልተሰጣትም ብዬ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ፤ እኔ በእያንዳንዱ ፊደል ወደ መልእክቱ ስጠጋ እሷ በእጇ እየገፋች ታርቀኝ ነበር። ቢሆንም ፊደሉ አለቀ።

ሰኔ ላይ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ታጥበን ያ ወንበር ላይ ተቀምጠን ስልኩን ከፈትኩ። ባባ ሞሪ የገብሱን ውሃ አቀረበልኝና ጎኔ ተቀመጠ። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ጽሑፉ ለእኔ አልነበረም። «ሰይዶ፣ የይመር እናት አኼራ ሄዳለች። ቀብሩ ተፈጽሟል። ሰው ሰብስበህ ቀስ ብለህ ንገረው» ነው የሚለው። የሰይድ ስልክ ሻርጃ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ፣ የሚሠራበት ጋራዥ ውስጥ ውሃ ገብቶበት ነበር ያን ሰሞን። እኔ አላነብም ብለው በእኔው ስልክ ላኩለት። ልክ ናቸው፤ አላነብም ነበር።

ስጨርስ ባባ ሞሪ አላቀፈኝም፣ አልዳሰሰኝም። የገብሱ በረዶ ቀልጦ ነበር፤ ብርጭቆውን አንስቶ በአዲስ ለወጠልኝ። በላሁ። በዚያ ቀን መብላቴ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ራሺዲያ ሄጄ ሰይድን ያዝኩት። ስልኩን ፊቱ አድርጌ «አንብብልኝ» አልኩት።

«ሰላምታ...»

«ጣትህን ፊደሉ ላይ አድርግና አንብብ።»

ጣቱን አላነሳም። ገባው። «መርዶ እንዲህ በጠራራ ፀሐይ፣ በአንድ ሰው አፍ አይነገርም» አለኝ። «ሽማግሌ ይጠራል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ በማለዳ ነው። እዚህ ቤድ ስፔስ ውስጥ፣ በየአልጋው በምንከራየው ክፍል፣ ስድስት ሰው ነን፤ አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል። መቼ ልሰብስብ? ከረመዳን በኋላ አልኩ፤ ከኢድ በኋላ አልኩ። ዋላሂ ለክፋት አይደለም።»

«ዝናቡስ?»

 ፍራሼን ጠቅልዬ ሻርጃ ሌላ ቤት ገባሁ። ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ሳየው ተሻግሬ እሄድ ነበር። ለሚያስታርቁኝ ሁሉ አንድ መልስ ነበረኝ፦ «እኔ እንዲህ አላደርግም።»

እንግዲህ ወደ ማልወደው ቦታ ደረስኩ።

በዓመቱ ጥር ላይ፣ ሰኞ፣ እንደ ሁልጊዜው ታጥበን ወጣን። የገብሱን ውሃ ጠጣን፣ ኪያሩን በላን። ባባ ሞሪ ሾርባ ሊያመጣ ኩሽና ገባ። የልጁ ሳህን ፊቴ ነው። ለምን እንደነካሁት አላውቅም፤ ነክቼው አላውቅም ነበር። ክዳኑን ቀና አድርጌ አየሁት።

ደረቅ ነው።

እንፋሎቱ በእጄ መሐል እየወጣ ክዳኑ ደረቅ ነው። ያንን ድርቀት አውቀዋለሁ። ሽማግሌው ሲመጣ ድምፅ የለውም፤ የት እንደደረሰ አላውቅም። ጣቴን ብርጭቆዬ ውስጥ ነከርኩና ክዳኑን ከውስጥ ረጨሁት። አስቤበት አይደለም፤ እጄ ነው የሄደው። ከደንኩት። ቀና ስል ቆሞ ነበር።

ተቀመጠ። ሾርባውን ጠጣን። ክዳኑን አነሳና ወደ መስኮቱ አዞረው። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ወደ አፍንጫው አስጠጋው።

«ላብ ሽታ የለውም» አለ። «ይሄ ገብስ ገብስ ይላል።»

አንገቴን ደፋሁ። ከሰው ሁሉ ያልዋሸኝን ሰው ነው የዋሸሁት።

«አንተም?» አለኝ። 

ሁለቱን የመብያ እንጨቶች ሩዙ መሐል አቁሞ ተከላቸው። እነሱ እንዲያ የሚያደርጉት ለሞተ ሰው ነው። የልጁን ስኒ አንስቶ እስከ ታች ጠጣው፣ ያን ሁሉ ጊዜ ሲያደርገው አላየሁም። «ኸላስ፣ በቃ» አለ። «አሁን ቤቴ እገባለሁ።» ተነስቶ ሳህን መሰብሰብ ጀመረ፤ ያን ቀን ብቻ ሳህኖቹ ሲንኳኩ ሰማሁ። በር ላይ ሲደርስ ዞረና «አንድ ሾርባ እስኪጠጣ ልጄን አቆየህልኝ» አለኝ። ምስጋና ይሁን ወቀሳ ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ፊቱን ያየ፣ በቅርቡ ይሞታል አይልም ነበር።

ሐሙስ በረረ። ማናጀሯ ቀን ጠብቅ ብትለው አልሰማም አላት። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ አልሸኘሁትም።

በማግስቱ ከጁምዓ በኋላ ራሺዲያ ሄድኩ። ሰይድ ብቻውን ምሳ እየበላ ነበር፣ ጥፍሩ ውስጥ የጋራዥ ዘይት አለ። በሩ ላይ ቆምኩ።

«ምን ፈለግህ?» አለኝ።

«ዋሸሁ» አልኩት። «ልጁ የሞተበትን ሽማግሌ ደህና ነው ብዬ ዋሸሁት።»

ጉርሻውን አላምጦ ዋጠ። «ስንት ቀን?»

«ሾርባ እስኪጠጣ።»

«ሰባት ወር ሞክረው እስቲ» አለኝ፣ ወደ ግድግዳው ጠጋ አለልኝ።

እጄን ታጥቤ ተቀመጥኩ። ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እኔም ይቅር ብዬሃለሁ አላልኩትም። ስንበላ ሳልጠይቀው ይነግረኝ ጀመር፤ ስንት ቀን እንደተኛች፣ ማን እንዳጠባት፣ በየትኛው መንገድ እንደወሰዷት፣ ስሜን ጠርታ እንደሆነ። አልጠራችኝም አሉ፤ እሱን እንኳ አልዋሸኝም። እስከ አስር ሰዓት ተቀመጥን፣ ተነስተን አብረን ሰገድን። ይሄ የሆነው አርብ፣ ጥር 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው።